ሙቅ ውሃ ካለሽ

ሌሊት ነው። ዝናብ ነው። እዚህ ዌልስ ተራራ ላይ ዝናብ ወሬ አይደለም፣
የሰሌዳ ድንጋይ ጣሪያችንን ሳይወቅጥ አድሮ አያውቅም።
በሬ ተደበደበ። ጎረቤቴ ኢቮር፣
አንድ እግሩ በጫማ፣ አንዱ በባዶው፣ ቆሟል ከበር።
«ዲሊስ፣» አለኝ፣ «ሙቅ ውሃ ካለሽ፤
ማሞቂያው ሞተብን፣ ገንዳው ገና ግማሽ።»

ምን ገንዳ? አላልኩም። ሳምንቱን ሙሉ አይቻለሁ፣
እንቅልፍ የለኝምና በመስኮት ሁሉን አያለሁ፤
ጠረጴዛቸው ወጥቶ ጓሮ ሲበሰብስ፣
ሰማያዊ ጎማ በእግር ፓምፕ ሲነፋ፣ ሲተነፍስ።
«ሄሌዝ እዚያ ውስጥ ልታምጥ ነው» ሲሉኝ ሳቅሁ፤
ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አልኩና መስኮቴን ዘጋሁ።

እኔ አራቴ ወልጃለሁ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣
በነጭ መብራት ስር፣ እግሬን ብረት ላይ ሰቅዬ፤
ባሌ ከድንጋይ ካባው ሳይወጣ፣ ሳይሰማ።
አንዲት ነርስ «ዝም በይ» አለችኝ። ዝም አልኩ።
ያን ዝምታ ይኸው እስካሁን አልጨረስኩ።

ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። ትልቁን ድስት ጣድኩ።
ለማርማላታ ብቻ የማወጣውን፣ የመዳብ ድስቴንም ጣድኩ።
ከቁጥር ስድስት መጡ፣ ከቁጥር ዘጠኝ መጡ፣
በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወጡ፤
ፖስተኛው ግዊን በባልዲ፣ መምህሯ በቴርሞስ፣
ዝናብ እየመታን ውሃ ይዘን ስንመላለስ
«በዚህ አገር ደግሞ ውሃ ይለመናል?» አለ አንዱ፤
ሳቅን፤ በእንፋሎታችን ጭጋግ ሞላ መንገዱ።

ሳሎኑ ጨለም ብሏል። አዋላጇ ኔሪስ ተንበርክካለች።
የፕላስቲክ ዓሣ ይንሳፈፋል፣ ሆዱ ላይ ቁጥር ያለበት፤
ሠላሳ አራት። «ጨምሩ።» ሠላሳ ስድስት። «ጨምሩበት።»
ሠላሳ ሰባት ሲል እጇን አነሳች፣
ሄሌዝም ገባች።

አንድ እግር፣ ሌላው እግር፣ ከዚያ ያ ትልቅ ሆድ፤
ውሃው ከፍ ብሎ አቀፋት፣ እንደ ቆየ ዘመድ።
ፊቷንማ እንዴት ልንገራችሁ?
ጥርሷን ነክሳ የቆየች ሴት መንጋጋዋ ሲላላ፣
ትከሻዋ ሲወርድ፣ ዓይኗ ሲያይ ሌላ፣
ሩቅ የሆነ ነገር።
ምጡ አልቀረም፤ ውሸት አልናገርም። መጣ፣ ደግሞ መጣ፤
ግን ወገቧን እንደ ብረት ጨምድዶ የያዘው
እዚያ ውሃ ውስጥ ክንዱን አላላው።
በመጣ ቁጥር ታጉረመርማለች፣ እንደ ንብ ቀፎ፣
ድምጿ ይሄዳል ግድግዳውን አልፎ።
ማንም ዝም በይ አላላትም።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይላሉ፤ ይበሉ።
እኔ በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ድስት እንደያዝኩ፣
ተማርኩ።

ሊነጋጋ ሲል ግን «አውጡኝ!» አለች።
ያን ሁሉ ድስት! ያን ሁሉ ባልዲ! ኢቮር አፉን ከፈተ፤
«ገላዋ ያውቃል» አለች ኔሪስ፤ አፉን መልሶ ከተተ።
ሕፃኗ ደረጃው ስር ተወለደች፣ በደረቅ ምንጣፍ ላይ፣
ከጫማዎቹ መሃል፣ ከተሰበረ ጃንጥላ አጠገብ።
ጩኸቷን ሰማን፣ እኛ ውሃ ቀጂዎች፣
ደጅ ላይ፣ እስከ አጥንታችን የረጠብን።
ግዊን ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበትና አለቀሰ።

ሲነጋ ሁሉም ሄደ። እናት ተኛች፣ ልጅ ጠባች።
«ነገ ቀድቼ ባሮ ሽንኩርቱን አጠጣዋለሁ» አለ ኢቮር፣
ቆሞ እያንቀላፋ።
ገንዳው ሳሎን ውስጥ ብቻውን ቀረ፣
ዓሣው አንድ ጥግ ተጠግቶ ሠላሳ አንድ ይላል።
ማንም ሳያየኝ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣
እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ።
ለብ ያለ ነበር። ገና ለብ ያለ።
ከአራቱ አንዱን፣ ያልጮኸውን፣
በስሙ ጠራሁት፤ ጮክ ብዬ።

የመዳብ ድስቴ እስካሁን እነሱ ቤት ነው።